እቤት የሠራናት መኪና ታርጋ ታገኛለች?

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ እኔና ወንድሜ አባይ ማዶ ግቢያችን ውስጥ ሻንሲውን (ሞተሩና ቦዲው የሚያርፉበትን የታችኛውን የብረት አካል) ራሳችን በይደን፣ ሞተርና ካምቢዮውን ከተገለበጠ አሮጌ ሃይሉክስ አውጥተን አንዲት ክፍት መኪና ሠራን፣ እውነት ለመናገር ታምራለች፣ ግን ሊብሬ ከየት ነው የሚመጣው?

— ጎበዞች ናችሁ! የሃይሉክሱ ሊብሬ እጃችሁ ላይ አለ?

— አለ፣ ከነሽያጭ ውሉ።

— እሱ ሞተሩን ያድንላችኋል። የሞተር ለውጥ ሰነድ ካለው ይመዘገባል፣ ችግሩ ሻንሲው ነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው ከሊብሬው ጋር የሚያመሳክረው፣ የእናንተ ብረት ደግሞ ባዶ ነው። ራሳችሁ ቁጥር እንዳትመቱበት ብቻ፣ እሱ ወንጀል ነው! ስለ ተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ የወጣውን አዋጅ 681/2002ን አንብቡና መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

— እኔ ብሆን ቦዲዋን አውልቄ የሃይሉክሱ ሻንሲ ላይ ነበር የምጭናት፣ ከዚያ የቦዲ ለውጥ ፈቃድ መጠየቅ ይቀላል። ፍሬን፣ መሪና መብራት ካልተስተካከለ ግን ቦሎም የለም። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ግዴታ ነው፣ እስከዚያ ዘጌ መንገድ ላይ ይዛችኋት እንዳትወጡ።

— ሻንሲውን እኮ ለቁራሌው ሸጥነው 😭

— ኧረ በጊዮርጊስ! ሳይቆርጠው ዛሬውኑ ሂዱና መልሳችሁ ግዙት።