ክርክር፦ የአባባ ተስፋዬ የልጆች ሰዓት እንደገና ይታይ?

ጉዳዩን ያነሣው አባል፦
ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ «ቴሌቪዥኑ የአባባ ተስፋዬን የድሮ ዝግጅቶች በየሳምንቱ ለልጆች ያሳይልን» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ብዙዎቻችሁ ደግፋችሁታል። እኔ እቃወማለሁ። ምክንያቴም ለእርሳቸው ካለኝ አክብሮት የመጣ ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሩ ሁሉ ያለቀሰው በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩ ለነበሩት ሰው ነበር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ግን እርሳቸው 40 ዓመት ያለፋቸው የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደው በኮሪያ ጦርነት የዘመቱትን የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አዝናንተዋል። ዘፍነዋል፣ ምትሃት አሳይተዋል፣ በብሔራዊ ቲያትር መድረክ ላይ ተውነዋል። ይህን ሁሉ ትተን ወንበር ላይ የተቀመጡ አያት ብቻ አድርገን ብናስቀራቸው ግማሽ ዕድሜያቸውን እንደ መቅበር ነው።

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
ወንድሜ፣ ስለ መድረክ ሕይወታቸው ያልከው ትክክል ነው። ልጆቹ ምን አጠፉ ታዲያ? ባለፈው ሳምንት ክፍሌ ውስጥ «ተረት ተረት» ብዬ ጀመርኩ። «የላም በረት» ብለው የመለሱልኝ ሦስት ልጆች ናቸው። የቀሩት ምን እንደምጠብቅባቸው ስላላወቁ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። እኛ በልጅነታችን ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት በር ላይ ጫማችንን አውልቀን፣ ምንጣፍ ላይ ተደራርበን የሰማነውን ነገር እነዚህ ልጆች ከማን ይስሙት? አያቶቻቸው ክፍለ ሀገር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው።

የሦስት ልጆች አባት፣ ከአሜሪካ፦
ለመምህርቷ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፣ መልስ የሚሰጡት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን ማታ በስልኬ የድሮ ቅንጭብ ከፈትኩላቸው። አባባ ተስፋዬ «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው፣ ደኅንነታቸውን ጠይቀው ዝም አሉ። ትንሿ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ወደ ስልኩ ተመልሳ «ደህና» አለች፤ በአማርኛ! እኔ ስጠይቃት አንድ ቀን እንደዚያ መልሳልኝ አታውቅም።

ሌላ አባል፦
ትዝታችንን ለልጆች ፍላጎት አድርገን እንዳንወስደው እፈራለሁ። የእነዚያ ተረቶች መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ ታላቅን ማክበርና መታዘዝ ነው። መልካም ነው፤ ግን ልጅ መጠየቅም አለበት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲመጣ ያስደሰተኝ ለዚህ ነበር። አሻንጉሊቷ ቀጭኔ እንደ ልጅ ታስባለች፣ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች። ገንዘብ ካለ እንዲህ ያለ አዲስ ሥራ ላይ ይዋል።

በቲያትር ሙያ የሚሠራ አባል፦
የአሜሪካው ወንድማችን የነገረን ዝምታ ቀልቤን ስቦታል። ሁላችሁም በአጠገቡ አለፋችሁት እንጂ ክርክሩን የሚፈታው እርሱ ይመስለኛል። አንድ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ብርጭቆ ዓይን ያለው ማሽን ፊት ተቀምጦ፣ የማያየውን ልጅ ጠይቆ መልሱን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ብዙ አቅራቢዎች ይጠይቁና ራሳቸው ይመልሳሉ። አባባ ተስፋዬ ግን ይጠብቁ ነበር። አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ መልሱ እንደ ደረሳቸው ፈገግ ይላሉ። ይህ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሳቅ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቀጣዩ ቃል መቼ እንደሚወጣ በየምሽቱ የተማረ ተዋናይ ችሎታ ነው። ስለዚህ መድረኩንና ቴሌቪዥኑን አትለያዩአቸው። ወንበሩ ላይ የነበረውም ያው የመድረክ ሰው ነው። 42 ዓመት ያህል በየቤቱ ያስቀመጣቸው ይህ ነው እንጂ ተረቱንማ ሁሉም አያት ያውቀዋል።

ጉዳዩን ያነሣው አባል፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። «ግማሽ ዕድሜያቸውን» ያልኩትን እመልሳለሁ። ቢሆንም እንዲሁ በየሳምንቱ መደጋገሙን አሁንም አልደግፍም። የተረፈው ቅጂ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጥራቱ ታድሶ፣ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። የቲያትር ተማሪዎችና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በሥልጠናቸው ያጥኑት። ከእነርሱ መካከል ደግሞ ለዛሬ ልጆች በዛሬ ጉዳይ የሚያወራ አዲስ ሰው ይውጣ። ሌላው አባል የፈለገው ጠያቂ ልጅም በዚህ መንገድ ቦታ ያገኛል።

መምህርቷ፦
ሐሳቡን እቀበላለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልቀበልም። ቅጂው ተሰብስቦ፣ ታድሶ፣ ተጠንቶ እስኪያልቅ ዘንድሮ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች አሥረኛ ክፍል ይደርሳሉ። ማሳየቱም ማጥናቱም ጎን ለጎን መሄድ ይችላል። እኔ ያለችኝን አጭር ቅጂ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ አሳያለሁ። ከዚያ ዘግቼው እኔው ራሴ «ተረት ተረት» እላለሁ፤ እንደ እርሳቸውም ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ስንት ልጆች እንደመለሱልኝ ሰኞ ማታ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።