አፍንጫዬን ተበስቼ ቢጫ ነገር እየደረቀበት ነው፤ ጌጡን ላውጣው?

ሊያ (አጂፕ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አፍንጫዬን ከተበሳሁ ወር ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ስነሳ በጌጡ ዙሪያ ቢጫማ ነገር ደርቆ አገኛለሁ። ብዙም አያመኝም፤ ያሳክከኛል። የበሳችኝ ልጅ «በአልኮል ጥረጊ፣ እንዳይጣበቅ አዙሪው» ብላኛለች። የአከራዬ እናት ለጋ ቅቤ ቀቢው ይላሉ። ጓደኛዬ ደግሞ የካፕሱል ዱቄት ነስንሺበት አለችኝ። ማንን ልስማ? ላይ በላዩ የጅማ ክረምት ነው፤ ምንም ነገር አይደርቅም።

ነርሷ፦ ሊያዬ፣ ሦስቱንም ተያቸው። ቁስል ሲድን የሚያወጣው ፈሳሽ ነው እንደዚያ የሚደርቀው። መግል ወፍራም ነው፣ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ይሸታል፤ አካባቢው ይግላል፣ ይጠዘጥዛል። አልኮል የሚበቅለውን አዲስ ቆዳ ያቃጥለዋል። ስታዞሪው ደግሞ ውስጡን በየቀኑ እንደ አዲስ ትቧጭሪዋለሽ። ካፕሱልም የሚዋጥ እንጂ የሚነሰነስ አይደለም፤ ያውም ሐኪም ሲያዝ።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) በኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ለቁስል በሚሆን የጨው ውሃ አርሰሽ ጥቂት ደቂቃ ያዢበት። ቅርፊቱ ሲለሰልስ ራሱ ይነሳል፤ በጥፍርሽ እንዳትነኪው። ጥጥ አትጠቀሚ፣ ክሩ ጌጡ ላይ ይጠመጠማል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሳላይኑን ልትገዢ ፋርማሲ ገብተሽ «ጉሉኮስ ስጡኝ» እንዳትዪ። ሰው የሚንጠለጠለውን ከረጢት ሁሉ ጉሉኮስ ስለሚል፣ ስኳር ያለበት ተሰጥቶሽ ልትሄጂ ትችያለሽ። «ሶዲየም ክሎራይድ 0.9 በመቶ» የሚል ጽሑፍ እዪ። ትንሹን ግዢ፤ ከተከፈተ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠቀምሽበት ይደፋል። ካጣሽ 250 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው ጨምሪ። ጨው ስላበዛሽ ቶሎ አይድንም፣ ይቆጠቁጥሻል እንጂ። ለማንኛውም ሳላይኑ ይሻላል፤ የሱቁ ጨው አዮዲን አለበት።

እማማ ዘውዴ፦ እኛ እኮ የስንቱን ሕፃን ጆሮ በመርፌና በክር በስተን፣ ቅቤ ቀብተን አሳድገናል። ምን ሆኑ?

ነርሷ፦ እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ብዙዎቹ ድነዋል። ግን የጆሮ የታችኛው ክፍል ሥጋ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። አፍንጫ ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቅቤው ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ለጸጉራችን እናስቀምጠው።

ሐያት (ቆጪ)፦ እኔም አፍንጫዬን የተበሳሁት ክረምት ላይ ነው። ውዱእ ሳደርግ አፍንጫዬን ስለማጥብ ፈርቼ ነበር፤ ንጹሕ ውሃ ምንም አላደረገኝም። ብቻ ከዚያ በኋላ በሶፍት ቀስ አድርገሽ አድርቂው። እኔን ያስለቀሰኝ ፎጣ ነው። ክሩ ጌጡን ይይዝና... ዋይ! ሂጃብ ወይም ሹራብ ስታወልቂም ተጠንቀቂ። የትራስ ልብስሽን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ወንዝና ዋና ገንዳ እስኪድን ይቅርብሽ።

ቢኒ፦ ማሳከኩን ማንም አላነሳውም። ቁስል ሲድን ያሳክካል፤ ግን ጌጡ ኒኬል የሚባል ብረት ካለበትም ያሳክካል፣ ሽፍታም ያወጣል። ከምንድን ነው የተሠራው?

ሊያ፦ ገበያ ላይ የተገዛ ነው። ብር ነው ብለውኝ ነበር፣ አሁን ግን ቀለሙ እየለቀቀ ነው 😩

ቢኒ፦ በይ እሱን ቀይሪው። ለቁስል የሚሆን ቲታኒየም ወይም ኒኬል የሌለበት ባለ 14 ወይም 18 ካራት ወርቅ ይሻላል። ወርቅ ቤት ስትሄጂ ቅብ አለመሆኑን ጠይቂ። ግን ራስሽ አታውጪው፤ አዲስ ቀዳዳ በሰዓታት ውስጥ ሊጠብ ይችላል። ጓንት አድርጎ ወዲያው የሚተካልሽ ሰው ፈልጊ።

ነርሷ፦ ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ ወደ ጉንጭሽ ከሰፋ ወይም መግል ከያዘ ቀን ሳትቆጥሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ያኔም ጌጡን በራስሽ አታውጪ፤ ቀዳዳው ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ይቀራል። የላይኛውን ጆሮ የተበሳችሁማ ሕመሙ ከጨመረ በዚያው ቀን ታዩ። የጆሮ ለስላሳ አጥንት (ካርቲሌጅ) ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ከተመረቀዘ ቅርጹ ይበላሻል። ሊያ፣ መርፌው ፊትሽ ከማሸጊያው ወጥቶ ነበር?

ሊያ፦ አላየሁም። እሷ አዘጋጅታ ነው የጠበቀችኝ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ምልክቱ ባይኖርም ጤና ጣቢያ ሂጂና ይህንኑ ንገሪያቸው። የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ መቼ እንደምታደርጊ ይነግሩሻል። የቴታነስ ክትባትሽንም ጠይቂ።

ሊያ፦ እሺ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ። ሳላይኑ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል?

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፦ ለቁስል ማጠቢያ ነው በያቸው። ጎዙንም አብረሽ ግዢ፣ የታሸገውን።