እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «የጃዝ ፒያኒስት» ማለት ይገባልን?

የጉለሌው፦
ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የእማሆይን ፒያኖ ከማሰማቱ በፊት «ጃዝ የምትጫወተው መነኩሴ» ብሎ ሲያስተዋውቅ ሰማሁ። «የምትጫወተው» ማለቱ ራሱ ድፍረት ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝ ግን ጃዙ ነው። የከንቲባ ገብሩ ልጅ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላም ካይሮ ወርደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ የሠለጠኑ የክላሲካል ባለሙያ ናቸው። እርሳቸውን የጃዝ ተጫዋች ማለት ማሳነስ ነው።

ባለሸክላው፦
ወንድሜ፣ «ማሳነስ» የሚለው ቃልዎ አሳዝኖኛል። ጃዝ በባርነት የተጋዙ ጥቁሮች የልጅ ልጆች የፈጠሩት ታላቅ ጥበብ ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከኢትዮ ጃዙ አባት ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር መድረክ ሲጋራ ማን አነሰ? እማሆይን ዓለም ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው፣ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ነው፤ በዚያው ተከታታይ 4ኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ያገኘ አድማጭ ዝምድና ቢሰማው ምን ያስወቅሰዋል?

ክራር መቺ፦
ዝምድናው የተሰማው በቅኝቱ ምክንያት ነው። የእኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፣ ብሉዝም ከአምስት ድምፅ መሠረት ብዙ ይወስዳል። ትዝታን ሰምቶ የማያውቅ የውጭ ሰው የእማሆይን ፒያኖ ሲሰማ ጆሮው ወደሚያውቀው ወደ ብሉዝ ይሄዳል። እኛ ግን ትዝታን እያወቅን የእርሱን ስያሜ ተቀብለን ስንደግም ያሳፍራል።

የኖታ ተማሪ፦
ሥራዎቻቸውን በኖታ ስለተለማመድኩ አንድ ነገር ልጨምር። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በፒያኖ ግን ቁልፎቹ የተለያዩ ስለሆኑ መንሸራተት አይቻልም። እማሆይ ያንን የሚተኩት ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ቁልፍ በፍጥነት ነክተው በማለፍ ነው። ብዙ ሰው «ጃዝ» የሚለው ይህንን ይመስለኛል። ግራ እጃቸው ደግሞ በአንዳንድ ሥራዎች ላይ በሦስት ምት የሚሄድ ግልጽ ቫልስ ነው፤ በቀኝ እጅ የሚመጣው ዜማ ግን ምቱን ሳይጠብቅ እንደ እንጉርጉሮ ይዘገያል፣ ይፈጥናል። ይህን አካሄድ ስዊንግ፣ ማለትም የጃዝ የምት አካሄድ፣ ልለው አልችልም።

ባለሸክላው፦
ምት አለመጠበቅ እኮ ጃዝ ውስጥም አለ!

የኖታ ተማሪ፦
አለ፤ በክላሲካሉ የፒያኖ ደራሲ በሾፓን ላይም አለ። ስለዚህ ለእርስዎም ለእኔም ማስረጃ አይሆንም።

የጉለሌው፦
ባለሸክላው ቃሌን ይዘው ቀሩ። ጃዝ ትንሽ ነው አላልኩም። ማሳነስ ያልኩት አንድን ሰው ከሠራው ሥራ አውጥቶ በሌላ ስም መጥራትን ነው። ሙላቱን የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ብለው ቢያስተዋውቋቸው እርሱም ማሳነስ ነበር።

ከኢየሩሳሌም፦
ሁላችሁም ስለ ፒያኖው ስትከራከሩ ምንኩስናውን ረሳችሁት። እማሆይ በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ፒያኖ ኖረዋል። ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን ችግር አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ያሳተሙትን የመጀመሪያ ሸክላ ገቢ ለችግረኞች አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በኖሩበት በዚህ በኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያ ገዳም ማንም በጃዝ ተጫዋችነት አያነሳቸውም ነበር። ክላሲካልም ጃዝም ከማለታችሁ በፊት ያሬድን ጥሩ።

ባለሸክላው፦
እህቴ፣ ያሬድን መጥራት ለእኔ ያግዘኛል። የቅኔ ተማሪ እኮ ቆሞ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ያልተጻፈ ቅኔ ይዘርፋል። ይህ ከጃዝ መንፈስ በምን ይለያል?

ክራር መቺ፦
ቅኔ ቤት የሰዋስውና የቤት ሕግ አለ።

ባለሸክላው፦
ጃዝም ሕግ አለው፤ ሕግ የለውም የሚለው ያው የማሳነስ አነጋገር ነው።

የጉለሌው፦
እንደገና «ማሳነስ»! ለለንደኑ የሮያል አካዳሚ የትምህርት ዕድል አግኝተው መሄድ የተከለከሉት፣ በዚያ ሐዘን እህል እምቢ ብለው ከሞት አፋፍ የደረሱት፣ የጃዝ ክበብ ናፍቀው ነበርን? የተነፈጉት የኮንሰርት ፒያኒስትነት ነው። ሌላ ስም በሰጠናቸው ቁጥር ያንኑ ደግመን እንነፍጋቸዋለን።

ባለሸክላው፦
ሐዘናቸውን ከእርስዎ ያላነሰ አከብራለሁ። ነገር ግን ለንደን ቢሄዱ ኖሮ ይህን ሙዚቃ እናገኝ ነበር ብዬ አላምንም፤ ሌሎች የጻፉትን በሚገባ የሚጫወቱ አንዲት ፒያኒስት ይሆኑ ነበር።

የኖታ ተማሪ፦
ይህንስ አልቀበልም። የራሳቸውን ሥራ መጻፍ ማንም አላስተማራቸውም፤ ለንደንም አታስተዋቸውም ነበር። ኖታዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ ታትመዋል። አንዱን ገጽ እንኳ ከፍተው በፒያኖ ይሞክሩትና ይመለሱ።

ባለሸክላው፦
እሞክረዋለሁ። የጉለሌው ግን መጀመሪያ «ማሳነስ» ያሉትን በግልጽ ያንሱልኝ።

የጉለሌው፦
አላነሳም።