ከቤት የማትወጣ ድመት ከክትባት በኋላ ፊቷ አበጠ፣ አሁን ደግሞ ጀርባዋ ላይ ጉብታ አለ፤ ቀጣዩን ክትባት ምን ይሻላል?

ሉሉዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሜሪላንድ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ድመቷ 4 ዓመቷ ነው፤ ሴት፣ እንዳትወልድ የተደረገች፣ 4.2 ኪሎ። ከቤት አትወጣም፣ ሌላ እንስሳም ቤት ውስጥ የለም። የዛሬ 24 ቀን በአንድ ቀጠሮ ሦስት በአንዱንና (ፓንሉኮፔኒያ፣ ሄርፐስ፣ ካሊሲ) የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ወሰደች። ሁለቱም የተወጉት ትከሻዎቿ መሀል ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፣ አፏና የዓይኖቿ ዙሪያ አበጠ። ሐኪም ጋ ተመልሳ መርፌ ተሰጣት፣ በማግስቱ ደህና ሆነች። በ10ኛው ቀን ግን የተወጋችበት ቦታ ላይ ጠንካራ ጉብታ ወጣ፤ ዛሬ ሲለካ 1.3 ሴንቲ ሜትር ነው። አይሞቅም፣ ሲነካም አያማትም።

ጉብታው አሁኑኑ ይውጣ? ክሊኒኩ ሁለቱንም ክትባት በየዓመቱ ነው የሚለው፤ ከቤት የማትወጣ ከሆነስ ጭራሽ መተው አይቻልም?

ቀይ ዳማ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ነገር ለይተሽ ያዢው። ትውከቱና የፊት እብጠቱ አንድ ጉዳይ ነው፣ ጉብታው ሌላ። መነሻቸውም መላቸውም አይገናኝም። እኔ ስለ መጀመሪያው ልጻፍ።

በሰዓታት ውስጥ የመጣው አለርጂ ነው። የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን አብሮት ያለው ነገር ነው፤ ቫይረሱ ሲራባ የተመገበው የጥጃ ሴረም ቅሪት፣ ወይም ክትባቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ፕሮቲን። ሰውነቷ ከዚህ በፊት አይቶት ስለሚያውቀው በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይነሳበታል። ስለዚህ «አምና ምንም አልሆነችም» የሚለው ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም።

የናንተዋ መካከለኛውን ነው ያለፈችው። ከባዱ አናፊላክሲስ ነው፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ድመትን ቀድሞ የሚመታት ሳንባዋና አንጀቷ ላይ ነው። ፊቷን በእግሯ ትፈትጋለች፣ ለሐጯ ይዝረበረባል፣ ታስመልሳለች ወይም ያስቀምጣታል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ድዷ ይነጣል ወይም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ከዚያ ትወድቃለች። እዚህ ላይ ሕይወት የሚያተርፈው አድሬናሊን ነው። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለ4.2 ኪሎ ድመት፣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው ብልቃጥ፣ 0.04 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ጠብታ በ3 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በትክክል መለካት አይቻልም። ሥራውን የሚያውቅ ክሊኒክ ክትባቱን ከመውጋቱ በፊት የ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅና የድመቷን መጠን አስልቶ አጠገቡ ያስቀምጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት ግቡ፣ ከተወጋች በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው ጠብቁ። የዓርብ ማታ ቀጠሮ አትያዙ፤ ችግሩ ቅዳሜና እሁድ ቢመጣ ክሊኒኩ ዝግ ነው።

አንድ ወይም ሁለት ቀን መፍዘዝ፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ምግብ መቀነስ የተለመደ ነው። የድመት ጤናማ ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ነው። ካስፈለገ በፊንጢጣ ይለካል፤ የሰው ግንባር የሚለኩበት መሣሪያ ድመት ላይ አይሠራም። ተኝታ ሳለ በደቂቃ ከ40 በላይ ከተነፈሰች፣ ወይም ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ደውሉ። በተለይ ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ጉበቷ በስብ ይሞላል፤ ያኔ ከክትባቱ የባሰ ነገር ይመጣል።

አደራ፣ ለትኩሳቱ ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ። ፓናዶል፣ ታይለኖል የሚባለው ሁሉ ያው ነው። የድመት ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት ኤንዛይም በጣም ስለሚያንሰው ደሟ ቡናማ ይሆናል፣ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንዲት ፍሬ ድመት ትገድላለች። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም አይነኩ።

ሰንበሌጥ፦
ስለ ጉብታው። ዛሬ አይውጣ፤ ግን ዓይን አይነቀልበት።

መርፌ በተወጋበት ቦታ ላይ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠንካራ፣ የማያም ጉብታ መውጣቱ ብዙ ጊዜ ተራ የሥጋ መቆጣት ነው፤ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይሟሟል። ይህን ያህል የምንጠነቀቀው ግን በድመት ላይ ብቻ ጎልቶ በሚታይ ነገር ምክንያት ነው፤ መርፌ በተወጋበት ቦታ የሚነሳ ሳርኮማ፣ ማለትም ካንሰር። እ.ኤ.አ. በ1991 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ፓቶሎጂስቶች ናቸው በመጀመሪያ ያሳወቁት፤ የድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተስፋፋ በኋላ፣ ክትባት በሚወጋበት ቦታ ላይ እጢ መብዛቱን አስተውለው። ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ10,000 የተከተቡ ድመቶች አንድ አካባቢ ነው። ሳይድን የሚቆይ መቆጣት ሕዋሳቱን ወደ ካንሰር ይገፋቸዋል ተብሎ ይታሰባል። ሌሎች መርፌዎችም፣ ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የኮርቲሶን መርፌ፣ ከዚሁ ጋር ተያይዘዋል።

መለያው 3፣ 2፣ 1 ይባላል። ጉብታው ከክትባቱ 3 ወር በኋላም ካለ፣ ወይም ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ከክትባቱ 1 ወር በኋላም እያደገ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። የናንተዋ ዛሬ አንዱንም አታሟላም፣ ግን የ1 ወሩ ቀን ስድስት ቀን ነው የቀረው። ስለዚህ ዛሬ ጀምሩ፦ ድመቷ በአራት እግሯ ቆማ ሳለ ፀጉሩን በውኃ አርጥቡና ክፈሉት፤ ጉብታውን በሁለት ጣት ከሥሩ ይዛችሁ ከፍ አድርጉ፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በካሊፐር ለኩ፣ ካሊፐር ከሌለ በግልጽ ማስመሪያ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይለካ፤ የሁለት ሰው እጅ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል፣ ያን ያህል ልዩነት ደግሞ «አደገ» ወይም «ቀነሰ» ለማለት ያሳስታል። ከቆዳው ጋር ይንሸራተታል ወይስ ከሥር ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቋል? ይህንንም ጻፉ። በየሳምንቱ ይደገም። ቢሞቅ፣ ቢለሰልስና ቢያማት መግል ሊሆን ስለሚችል ሳምንቱን አትጠብቁ።

ናሙና ካስፈለገ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ትንሽ ስለሆነ ነቅለን እናውጣውና እንየው» የሚል ሐኪም ቢያጋጥማችሁ እምቢ በሉ። ሳርኮማው በእጅ ከሚዳሰሰው ውጪ በጡንቻ መሀል እንደ ሥር ይሰራጫል። ጉብታውን ብቻ መንቀል ሥሩን ትቶ ግንዱን መቁረጥ ነው፤ ተመልሶ ይመጣል፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገናም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ትክክለኛው ከጉብታው ላይ ትንሽ ቁራጭ ብቻ መውሰድ ነው፣ ያውም ኋላ በዋናው ቀዶ ጥገና አብሮ በሚወጣ ቦታ በኩል። በቀጭን መርፌ ሕዋስ መቅዳት ይሞከራል፤ «ምንም የለም» ቢል ግን ነጻ ናት ማለት አይደለም። ሳርኮማ ከሆነ የደረት ራጅና ሲቲ ስካን ይቀድማሉ፤ ከዚያ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ጤናማ ሥጋ፣ ወደ ታች ደግሞ ሁለት የጡንቻ ሽፋን ጨምሮ ይወጣል። በ91 ድመቶች ላይ በዚህ ስፋት ሲሠራ እዚያው ቦታ የተመለሰባቸው 14 በመቶዎቹ ናቸው።

አሁን 5 ሴንቲ ሜትሩን ትከሻዎቿ መሀል ላይ አስቡት። አከርካሪው አለ፣ የትከሻ አጥንቶቹ አሉ፤ ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ድመት ትከሻ መሀል መወጋት የሌለባት።

ሉሉዬ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ልኬቱ ዛሬ ተጀምሯል። የምስክር ወረቀቱ ላይ የእብድ ውሻ በሽታው ክትባት ለ1 ዓመት ነው የሚለው። ክሊኒኩ ለሚቀጥለው «ትንሽ ስለሆነች ግማሽ ዶዝ እንሰጣታለን» ብሏል። ያዋጣል?

ቀይ ዳማ፦
አያዋጣም። ክትባት እንደ መድኃኒት በኪሎ አይሰላም፤ ሰውነቷን ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው አነስተኛው መጠን ለሁሉም አንድ ነው። ግማሹ መከላከያ ላይሰጥ ይችላል፣ አለርጂ ላለባት ግን ጠብታውም ይበቃታል። በሕግም እንደተከተበች አይቆጠርም።

አደጋውን በእርግጥ የሚቀንሰው በአንድ ቀን የሚወሰደውን መርፌ ማሳነስ ነው። ወደ 496,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ድመቶች መዝገብ ሲታይ በ30 ቀን ውስጥ ችግር የተመዘገበባቸው ከ10,000 ወደ 52 ነበሩ፤ በአንድ ቀጠሮ የተሰጠው ክትባት በበዛ ቁጥርም ችግሩ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ክትባት፣ በመሀላቸው ቢያንስ ሦስት ሳምንት።

ሦስት በአንዱን ለጊዜው ተዉት። በልጅነቷ ተከታታዩን፣ ከዚያም ማጠናከሪያውን ከጨረሰች፣ ለብቻዋ ለምትኖር ከቤት ለማትወጣ ድመት የዓለም አነስተኛ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዳይደገም ነው የሚለው። ጊዜው ሲደርስም ከመውጋት በፊት ለፓንሉኮፔኒያ የደም ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ተጠብቃለች። ለሄርፐስና ለካሊሲ ግን የደም ውጤቱ ብዙም አይነግርም። የሉኪሚያ ክትባት ለሷ አያስፈልግም።

የእብድ ውሻ በሽታው ግን እንዲቀር አልመክርም። ሕጉ ሜሪላንድ ውስጥ ከ4 ወር በላይ የሆነች ድመት ሁሉ እንድትከተብ ያስገድዳል። ከሕጉ በላይ ደግሞ የሌሊት ወፍ አለ። በመስኮት ገብታ ድመቷ ብትይዛትና የሌሊት ወፏ በሽታው ቢገኝባት፣ የተከተበች ድመት ወዲያው ማጠናከሪያ ወስዳ 45 ቀን ቤቷ ትጠበቃለች። ያልተከተበችው ወይ ትገደላለች ወይ 4 ወር ተለይታ ትዘጋለች።

ስለዚህ የሚጠየቀው «ይከተብ ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው?» ነው። አጁቫንት (ክትባቱ ሰውነትን የበለጠ እንዲቀሰቅስ የሚጨመር፣ የተወጋውንም ቦታ የሚያስቆጣ ነገር) የሌለውን፣ በካናሪ ፖክስ ቫይረስ የተሠራውን (ፒዩርቫክስ) ጠይቁ። የ1 ዓመትም የ3 ዓመትም አለው፤ የ3 ዓመቱን ከወሰደች በዕድሜዋ የሚደርስባት መርፌ በሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል። የትኛው አምራች እንደነበረ ከፋይሏ ላይ አስነግሩ፤ ያን ምርት አትድገሙ። ከመወጋቷ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በፊት ሐኪሙ አንቲሂስታሚን (የአለርጂ መድኃኒት) ሊሰጣት ይችላል። እሱ የፊት እብጠቱን ያቀልላል፤ አናፊላክሲስን ግን እንደማያስቆም እያወቃችሁ ነው 30 ደቂቃውን የምትጠብቁት።

አምባ 7፦
አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰፈር ውስጥ አለ፤ የጎረቤት ውሻ ግቢ ይገባል፣ በረንዳ ላይ የምትውል ድመት ደግሞ «ከቤት የማትወጣ» አይደለችም። አጁቫንት የሌለውን ካላገኛችሁ ያለውን ውሰዱ። ብልቃጡ ላይ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚል ካለ አጁቫንት አለው ማለት ነው፤ እግሯ ላይ እንዲወጋና ጉብታው እንዲለካ የበለጠ ምክንያት ይሆናችኋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተቀምጦ መቆየቱን ጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ነውር የለውም። የተበላሸ ክትባት አለርጂውን አያስቀርም፣ መከላከያውን ግን ያስቀራል።

ሉሉዬ፦
እግሯ ላይ ሲባል የትኛው እግር፣ የት ጋ?

ሰንበሌጥ፦
የእብድ ውሻው ቀኝ የኋላ እግር፣ ከጉልበት በታች። ሦስት በአንዱ ቀኝ የፊት እግር፣ ከክርን በታች። ጭን ላይ ከተወጋ ትርጉም የለውም፤ ካንሰር ቢመጣ እግሩን ቆርጦ ማዳን የሚቻለው እጢው ታች ሲሆን ነው። መርፌው ከቆዳ ሥር ይግባ እንጂ ጡንቻ ውስጥ አይግባ። እግሯ ታች ላይ መወጋት ድመቷን ያስቆጣታል፤ አንድ ሰው አንገቷንና ደረቷን በፎጣ ጠቅልሎ ይያዝ፣ ሌላው እግሯን ወደ ኋላ ይዘርጋ።

ከዚያ ወዲያው፣ ሒሳብ ሳትከፍሉ፣ ይህን ጻፉ፦ ቀን፣ የክትባቱ ስም፣ የምርቱ ተከታታይ ቁጥር፣ እግር። ያሁኑንም ችግር በዚሁ ቁጥር ለአምራቹ ወይም ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ክትባት ክፍል ማሳወቅ ይቻላል። ቁጥሩ ከሌለ የትኛው ምርት እንዳስቸገረ ማንም ሊያጣራ አይችልም። ክሊኒኩ ፋይል ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አስልኩት።