ለዘራፊው ታሪክ ገንዘብ ይከፈል? በ«ዘ ብሊንግ ሪንግ» መነሻነት የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። በእውነተኛ ወንጀል ላይ ፊልም ሲሠራ ለወንጀለኛው መክፈል በሕግ ይከልከል ወይስ አይከልከል? መነሻችን የሶፊያ ኮፖላ «ዘ ብሊንግ ሪንግ» (2013 እ.ኤ.አ.) ነው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ከኦክቶበር 2008 እስከ ኦገስት 2009 ድረስ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብላ በምትገኘው ካላባሳስና በአካባቢዋ ያደጉ ወጣቶች የዝነኞችን፣ ማለትም የፓሪስ ሂልተንን፣ የኦድሪና ፓትሪጅን፣ የሬቸል ቢልሰንን፣ የኦርላንዶ ብሉምንና የሊንዚ ሎሃንን ቤቶች እየገቡ ሲዘርፉ ቆይተው ተያዙ። የተወሰደው ንብረት በድምሩ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ልጆቹን በእውነተኛ ስማቸው አንጠራም፤ የፊልሙን ገጸ ባሕርያት፣ ማለትም ሬቤካን፣ ማርክን፣ ኒኪን፣ ሳምንና ክሎይን እንጠቀም። ሐሳብ ተቹ፣ ሰው አትስደቡ።

መምህር፦ ይከልከል፤ ምክንያቴም ግልጽ ነው። እነዚህ ልጆች ከሰረቁት ብዙውን አልሸጡትም። ለብሰውት ወጡ፣ ፎቶ ተነሡበት፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፉት። ብሉም ቤት እንደተወሰዱት የሮሌክስ ሰዓቶች ወደ ገንዘብ የተለወጡ ነበሩ፤ ዋናው ፍላጎታቸው ግን ከዝነኞቹ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነበር። ታዲያ ፊልም ሠርቶ ከፍሎ ስማቸውን ማስጠራት ያንኑ የፈለጉትን በሕጋዊ መንገድ ማስረከብ አይደለም? ባንክ ለዘረፈ ሰው ፊልም ዝና ይሰጠዋል። ለእነዚህ የሰጣቸው ግን የዘረፋውን ዓላማ ራሱን ነው።

ፍርደ ገምድል፦ ጋሼ መምህር፣ ስሜቱን እረዳለሁ። ግን ይህ መንገድ ተሞክሮ ወድቋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ኒውዮርክ በ1977 አንድ ተከታታይ ገዳይ ታሪኩን ሊሸጥ ይችላል የሚል ስጋት ሲነሣ ሕግ አወጣች። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከወንጀለኛ ጋር ስለ ወንጀሉ ውል የገባ አሳታሚ ወይም ፊልም ሠሪ ክፍያውን ለተጎጂዎች ቦርድ ያስረክባል፤ ቦርዱ ለአምስት ዓመት በአደራ ያስቀምጠዋል፤ ተጎጂው ከስሶ ከረታ ከዚያ ላይ ይወስዳል። በ1991 ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ዳኞቹ 8 ለ 0 ሻሩት። ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሕጉ የወንጀለኛውን ሀብት በሙሉ ሳይነካ ከመናገር የተገኘውን ገንዘብ ብቻ ለይቶ ይይዛል፤ ስፋቱም ልክ የለውም፤ ክስ እንኳ ያልተመሠረተበት ሰው በመጽሐፉ መሐል «ይህን ሠርቻለሁ» ብሎ ካመነ ይያዛል። በምሳሌነት ማንን እንደጠቀሱ ታውቃላችሁ? ቅዱስ አውግስጢኖስን! በጉርምስናው ከጎረቤት የፍራፍሬ ቦታ ፒር መስረቁን በ«ኑዛዜ»ው ጽፏልና ሕጉ እሱንም ያጠምደው ነበር።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ተመሳሳይ ሕግ ነበራት። እሱንም የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ሻረው። መነሻው በ1963 የዘፋኙ የፍራንክ ሲናትራ ልጅ የታገተበት ጉዳይ ነው፤ ከአጋቾቹ አንዱ ታሪኩን ለፊልም ኩባንያ ሲሸጥ ልጅየው ከሰሰ፣ ተረታም። ስለዚህ የካላባሳስ ልጆች በተያዙበት በ2009 በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። «ይከልከል» ስንል የትኛውን አንቀጽ ጽፈን ነው?

አምስተኛዋ ረድፍ፦ ጎረምሳው አውግስጢኖስ ስለ ፒሩ ኮንትራት አልፈረመም እኮ 😄

ስክሪፕቷ፦ ሁላችሁም «ክፍያ» ስትሉ ምን እንደሚገዛ አልተነጋገርንም። ሰው ታሪክ የሚሸጥ ይመስለዋል። ታሪክ አይሸጥም። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የፖሊስ ቃለ መሐላ፣ በችሎት የተነገረ ነገር ሁሉ ለማንም ክፍት ነው፤ ያለ ማንም ፈቃድ ፊልም ይሠራበታል። በ2018 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በተዋናይቷ በኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ ክስ ላይ ይህንኑ በግልጽ አስቀምጧል፦ እውነተኛን ሰው በድራማ ለማሳየት ፈቃድም ክፍያም ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ፕሮዲዩሰር ለምን ይከፍላል? ሁለት ነገር ለመግዛት። አንደኛው «ስሜን አጠፋህ፣ ገመናዬን ገለጥክ» ብሎ ላለመክሰስ የሚገባ ቃል ነው። ሁለተኛው ቅርበት ነው፤ መዝገብ ላይ የሌለውን፣ መኪና ውስጥ ምን እንደተባባሉ፣ ማን ፈርቶ ማን እንደሳቀ የሚነግርህ ሰው። አከፋፋይ ፊልሙን ከመውሰዱ በፊት የስህተትና ግድፈት ኢንሹራንስ፣ ማለትም ፊልሙ በስም ማጥፋትና በመሳሰሉት ቢከሰስ የሚሸፍነውን፣ ይጠይቃል። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ደግሞ ስክሪፕቱን መስመር በመስመር ይዞ «ይህ ትዕይንት ከየት መጣ?» ይላል። ኅዳጉ ላይ የመዝገብ ገጽ፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂ ወይም «ፈጠራ» ተብሎ ይጻፋል። ፈጠራው በሕይወት ባለና በሚታወቅ ሰው ላይ ሲወድቅ ነው ችግር የሚመጣው። ያኔ ወይ ትቆርጠዋለህ፣ ወይ ስም ትለውጣለህ፣ ወይ ትከፍላለህ።

ኮፖላ የሄደችው በመጽሔት በኩል ነው። ፊልሙ የቆመው ጋዜጠኛ ናንሲ ጆ ሴልስ በ2010 ቫኒቲ ፌር ላይ ባወጣችው ዘገባ ላይ ነው። የልጆቹ ስም በሙሉ ተለውጧል፤ የተዘረፉት ዝነኞች ስም ግን እንዳለ ቀርቷል። ይህ ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ክፍያ ቢከለከል ፊልሙ ይቀራል ብላችሁ አትጠብቁ። ፊልሙ ይሠራል፤ የሚቀረው የማርክ ድምፅ ብቻ ነው።

መምህር፦ ስክሪፕቷ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ለእኔው ነው የተከራከርሽልኝ። ያለ ክፍያ መሥራት ከተቻለ ክልከላው ማንን ይጎዳል?

ስክሪፕቷ፦ ተመልካቹን ነዋ ጋሼ። ወንጀለኛው ከወጣ የሚቀሩት ምንጮች ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። እነሱም የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ይህ ፊልም ራሱ ምስክር ነው። ምርመራውን የመራው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ለፊልሙ ተከፋይ አማካሪ ሆነ፤ ይባስ ብሎ ራሱ በፊልሙ ላይ ታየ። ቀረጻው የተካሄደው በ2012 ጸደይ ነው፤ ያኔ ፍርድ ያላገኙ ተከሳሾች ነበሩ።

ፍርደ ገምድል፦ ይቺ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። በአሜሪካ ሕግ ዐቃቤ ሕግ የምስክሩን ተአማኒነት የሚነካ ማንኛውንም ነገር ለተከሳሽ ጠበቃ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከ1963ቱና ከ1972ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጀምሮ። ዋናው መርማሪ «ልጆቹ ጥፋተኛ ናቸው» በሚል ፊልም ላይ ገንዘብ ከበላ፣ መስቀለኛ ጥያቄው እንዴት እንደሚሆን አስቡት፦ «በዚህ ጉዳይ ከደመወዝዎ ሌላ ስንት ተከፍሎዎታል?» የተከሳሽ ጠበቆች በደንብ ተጠቀሙበት። በካሊፎርኒያ ሰው የሚኖርበትን ቤት መዝረፍ 2፣ 4 ወይም 6 ዓመት እስር ያስቀጣል። ሬቤካ የተባለችው 4 ዓመት ተፈርዶባት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ወጣች። ማርክ 2 ዓመት። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ከወራት እስር ወይም ከአመክሮ ያላለፈ።

እኔን ብትጠይቁኝ በሕግ መከልከል ያለበት ይህ ነው። ክሱ ሳይዘጋ ለመርማሪ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለምስክር መክፈል። ወንጀለኛው ሳይሆን ፍርዱ ነው የሚበላሸው።

ካሜራው፦ እናንተ ብር ላይ ተጣበቃችሁ። «ዝና ማስረከብ» የሚለው የመምህር ነጥብ የሚፈተነው ፊልሙ ራሱ ውስጥ ነው። የፓትሪጅን ቤት ትዕይንት አስታውሱ። ካሜራው ከኮረብታ ላይ ቆሟል፤ ቤቱ ከሞላ ጎደል መስታወት ነው። ሬቤካና ማርክ ይገባሉ። አንድ ክፍል ይበራል፣ ጥላ ያልፋል፣ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ይበራል። ካሜራው እጅግ ቀስ እያለ ይጠጋል፤ ምንም ቆረጣ የለም፤ ሙዚቃ የለም፤ የሩቅ የከተማ ድምፅ ብቻ። ዕቃው አይታይም! ምን እንደወሰዱ አታውቅም። የፊልሙ ቀረጻ ባለሙያ ሃሪስ ሳቪዲስ ከመሞቱ በፊት የሠራው የመጨረሻ ፊልም ነው፤ ጥበቡ እዚህች ትዕይንት ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

በተለመደው አሠራር ዘረፋ እንዴት ይቀረጻል? ቅርብ ምስል በእጅ ላይ፣ ፈጣን ቆረጣ፣ ከበሮ። ተመልካቹ ልቡ ይመታል፤ ልቡ ሲመታ ለሌባው መወገን ይጀምራል። እዚህ ግን ርቀቱ ያንን ስሜት ይነጥቀዋል። ሁለት ልጆች ብርሃን ሲያበሩና ሲያጠፉ ትታያለህ፤ ያ ነው። እና ይህ ማስዋብ ነው?

አምስተኛዋ ረድፍ፦ ካሜራው፣ አንዷን ትዕይንት መርጠህ ፊልሙን በሙሉ አታጥምቅ። የሂልተን ቤትስ? ኮፖላ በእውነተኛው ቤት ነው የቀረጸችው፤ ባለቤቷ ፈቅዳ፣ ራሷም በክለቡ ትዕይንት ብቅ ብላ። የጫማ መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ፣ የራሷ ፊት የታተመባቸው ትራሶች፣ የጌጥ መሳቢያዎች አንድ በአንድ። እዚያ ርቀት የለም። ካሜራው ጫማው ውስጥ ነው ያለው። ሙዚቃውም ያስጨፍራል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከፊልሙ ይዞ የሚወጣው የትኛውን ይመስልሃል፣ ኮረብታውን ወይስ ቁም ሣጥኑን?

ካሜራው፦ ቁም ሣጥኑን። ግን ይህማ ያስፈልጋል። ምን እንዳማለላቸው ካላሳየህ ፊልሙ የፖሊስ ሪፖርት ይሆናል። ደግሞ ድግግሞሹን ተመልከቺ፦ ቤት፣ ክለብ፣ መኪና፣ ፎቶ፤ እንደገና ቤት፣ ክለብ፣ መኪና፣ ፎቶ። ሦስተኛው ላይ ትሰለቻለሽ። ስልቸታው ሆን ተብሎ ነው። ሳም የሰረቁትን ሽጉጥ ማርክ ላይ ስትደግን ነው ድንገት የሚያባንንሽ።

አምስተኛዋ ረድፍ፦ ሆን ተብሎ የተሰላቸ ተመልካችና እንዲሁ የተሰላቸ ተመልካች ከሲኒማ ሲወጡ አይለዩም 🙂

መምህር፦ የፊልሙን መጨረሻ አንሡ እንጂ። ኒኪ ከእስር ወጥታ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጣ የራሷን ድረ ገጽ ታስተዋውቃለች፤ ወደ ካሜራው ዞራ «ተከታተሉኝ» ትላለች። ቀደም ብሎም በጋዜጠኞች ፊት አንድ ቀን አገር ልትመራ እንደምትችል ትናገራለች፤ ይህን አባባል የፊልሙ ጸሐፊ አልፈጠረችውም፣ ከመጽሔቱ ዘገባ የመጣ ነው። ፊልሙ ራሱ ትርፉ የት እንዳለ እያሳየ ነው። ከዚያ በኋላ በ2022 ዘጋቢ ተከታታይ ፊልም፣ በ2023 ሌላ ዘጋቢ ፊልም መጣ። በየጊዜው እነዚያው ፊቶች ይቀርባሉ። ለተዘረፈው ሰው ምን ተረፈው?

ፍርደ ገምድል፦ ለተዘረፈውማ መንገድ አለ፤ የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፤ ስለ መናገርም ምንም አይልም።

በካሊፎርኒያ ዳኛው ሲፈርድ ሙሉ ካሳ ማዘዝ አለበት፤ ይህ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የተጻፈ የተጎጂ መብት ነው። ኢንሹራንስ ከፍሎሃል ተብሎ ካሳው አይቀነስም፤ ዕዳው ያለው በዘራፊውና በተዘረፈው መካከል ነው። እስር ቤት ከሆነ ከሚያገኘው ደመወዝና ከሚላክለት ገንዘብ እስከ 50 በመቶ ይቆረጣል። ከወጣም በኋላ ትእዛዙ እንደ ፍትሐ ብሔር ፍርድ ይፈጸማል፤ በጊዜ ብዛትም አይሰረዝም። ስለዚህ የፊልም ክፍያ ገባለት? ተጎጂው ማስፈጸሚያ አውጥቶ ይይዘዋል። ሎተሪ ወጣለት? ያንኑ። ገንዘቡ ከንግግር መጣ ከሎተሪ ለሕጉ ልዩነት የለውም፤ በ1991 የወደቀው ሕግ የጎደለው ይህ ነበር።

ክፍተቱ ማሳወቁ ላይ ነው። ተጎጂው ክፍያው መፈጸሙን በምን ያውቃል? ኒውዮርክ በ2001 ሕጓን ስታሻሽል ይህንን ደፈነች፦ በተዘረዘሩ ከባድ ወንጀሎች ለተፈረደበት ሰው 10,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሚከፍል ወገን ለመንግሥት ቢሮ ያሳውቃል፤ ቢሮው ለተጎጂው ይነግራል፤ ተጎጂው ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት የመክሰሻ ጊዜ አለው። ካሊፎርኒያ ይህን ብትወስድ እኔ እደግፋለሁ። መምህር፣ እዚህ ላይ ልንገናኝ እንችላለን?

መምህር፦ በግማሽ። ሂልተን የ10,000 ዶላር ካሳ የምታሳድድ አይመስለኝም፤ ገንዘብ ለማይቸግረው ተጎጂ ያንተ መንገድ ወረቀት ነው። መብቱን ካልተጠቀመበት ክፍያው ለዘራፊው ይቀራል።

ፍርደ ገምድል፦ ይህ እውነት ነው። ይህ ጉዳይ የተለየ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስክሪፕቷ፦ አንድ ነገር ረስታችኋል። የአንዷ ተከሳሽ ቤተሰብ ክሱ ሳይቋጭ በሪያሊቲ ሾው ይቀረጽ ነበር፤ በ2010 ተላለፈ። እስሩም የፍርድ ቤቱም ቀጠሮ በካሜራ ተያዘ። በኒውዮርኩ ሕግ ብንሄድ ያ ክፍያ ይያዛል?

ፍርደ ገምድል፦ አይመስለኝም፤ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ሕጉ የሚለው «የተፈረደበት ሰው ገንዘብ» ነው፤ ያኔ ገና አልተፈረደባትም። ሁለተኛ፣ በራስ ጉልበት ሠርተው ያገኙት ገቢ ከዚያ ትርጉም ውጭ ተደርጓል። ካሜራ ፊት ቆሞ በክፍል የሚከፈለው ደግሞ «ሥራ ነው» ብሎ ለመከራከር በጣም ይመቻል።

አምስተኛዋ ረድፍ፦ ስለዚህ መናዘዝ ይያዛል፣ እያለቀሱ መቀረጽ ደመወዝ ነው?

ፍርደ ገምድል፦ በጽሑፉ መሠረት አዎ። እኔ ብሆን «በጉልበት የተገኘ ገቢ» የሚለውን ቀን ሙሉ ክርክር ሳላይበት አልፈርምም።

መምህር፦ ክልከላዬ ላይ እቆያለሁ፤ ነገር ግን አንቀጹን ከዚያች ሐረግ እጀምራለሁ።