የቻይንኛ መምህር መደብ በጎጃም፦ የጋራ ምክረ ሐሳባችንን ለመቅረጽ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ፣ አብዛኞቻችሁ ቻይና የተማራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ መንገዱ እንደ ልብ ስለማያስኬድ በአካል ተገናኝተን መምከር አልቻልንም። ስለዚህ በጎጃም በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የቻይንኛ ቋንቋና ባህል መምህራን መደብ እንዲከፈት ልናቀርበው ያሰብነውን ምክረ ሐሳብ በጽሑፍ እየተመካከርን እንድንቀርጸው የመጀመሪያውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ረቂቁ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ የቻይንኛ ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም፣ በእያንዳንዱ ስድስት መምህራን እንዲቀጠሩና ተማሪዎች በመጀመሪያ ዲግሪ እንዲመረቁ ይጠይቃል። በመነሻነት የጠቀስኳቸው ምክንያቶች ሁለቱ አገሮች ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ማለፉ፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲን የባቡር መስመርም ሆነ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውንና 380 ሜትር የሚረዝመውን የባሕር ዳሩን የዓባይ ድልድይ የሠሩት የቻይና ተቋራጮች መሆናቸው፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ በዲግሪ ደረጃ መሰጠቱ ናቸው። የጎደለውን እንድትሞሉ፣ የበዛውን እንድትቀንሱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የቋንቋ መምህር የሆነ አባል፣ ደብረ ማርቆስ

ጸሐፊያችን ለደከመበት ሥራ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ነገር ግን ረቂቁ በዚህ መልኩ ከቀረበ ከመጀመሪያው ስብሰባ የሚያልፍ አይመስለኝም። አዲስ የዲግሪ ፕሮግራም ለመክፈት የፍላጎት ዳሰሳ ማካሄድ፣ ካሪኩለም መቅረጽና ማስገምገም፣ ከኮሌጁ የአካዳሚክ ኮሚሽን እስከ ሴኔት ያለውን ደረጃ ሁሉ ማለፍ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ፣ ፕሮግራሙን የሚከፍተው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለዚያ ፈተና የማብቃት ኃላፊነት አብሮ ይሸከማል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እኛው ራሳችን ልንመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ሦስት ዩኒቨርሲቲ በስድስት መምህር ሲባዛ አሥራ ስምንት ነው፤ አሥራ ስምንቱን ከየት እናመጣቸዋለን? አብዛኞቻችን ቻይና የሄድነው ምሕንድስና፣ ሕክምና ወይም ንግድ ልንማር ነው፤ ቋንቋውን የያዝነው ደግሞ በአንድ ዓመቱ የመሰናዶ ትምህርትና ከዚያ በኋላ በኖርንበት ኑሮ ነው። ቋንቋ መቻልና ቋንቋ ማስተማር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለዚህ ማኅበር አባላት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የእኔ ሐሳብ የትምህርት ክፍሉን ለጊዜው ትተን፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ባለው የቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ሥር ሁለት ቋሚ የመምህር መደቦችና በክሬዲት የሚመዘገብ ተመራጭ ኮርስ እንድንጠይቅ ነው። ክሬዲት የሚለውን ቃል አጥብቄ የምይዘው ከደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም በየቅዳሜው ቻይንኛ በነጻ አስተምር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወንበር አልበቃ ብሎ መስኮት ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ ግን አራት ቀሩ፤ ከአራቱም አንዱ ይመጣ የነበረው የመማሪያ ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ሌላ ትምህርቱን ለማጥናት ነበር። ተማሪው ሰንፎ አይደለም፤ በውጤት መዝገቡ ላይ ለማይሰፍር ነገር ጊዜውን ሊሰጥ ስለማይችል ነው።

ቋሚ የሚለውንም ቃል እንዲሁ አልለቀውም። በኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩቶች (በቻይንኛ ቋንቋና ባህል ማስተማሪያ ተቋማት) በኩል ከቻይና የሚላኩት መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት፣ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ለአንድ ዓመት የሚመጡ ናቸው። ትጋታቸውን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ የሚተካው መምህር የቀድሞው የት እንዳደረሰ የሚነግረው ሰው ካላገኘ ሁልጊዜ ከ«ኒ ሀው»፣ ማለትም ከሰላምታው፣ ይጀምራል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «ኒ ሀው» የተማሩ ልጆች አውቃለሁ።

ቀድሞ በመንገድ ሥራ አስተርጓሚ የነበረች አባል፣ ቡሬ

በመምህር ሐሳብ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ መቀጠሪያው መስፈርት ነው። ረቂቁ «የኤችኤስኬ አምስተኛ ደረጃ ያለው» ብሎ ያልፋል፤ ኤችኤስኬ የቻይንኛ ቋንቋ ችሎታ መመዘኛ ፈተና ነው። አምስተኛ ደረጃ በቀድሞው የስድስት ደረጃ አወጣጥ 2500 ቃላት ማወቅን የሚጠይቅ በመሆኑ በንባብ ቀላል አይደለም። ሆኖም ፈተናው ማዳመጥን፣ ማንበብንና መጻፍን እንጂ መናገርን አይለካም፤ የቃል ፈተናው ራሱን ችሎ ለብቻው የሚሰጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድም ዓረፍተ ነገር በቃሉ ሳይናገር የአምስተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ሊይዝ ይችላል፤ እኛም ያንን ሰው ክፍል ውስጥ ልናቆመው ነው ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከራሴ ስሕተት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከአካባቢው ገበሬዎች ሦስቱ በአህያ የተጫነ የባሕር ዛፍ አጣና ይዘው፣ ለመወጣጫ ይሆናል ብለው ሊሸጡ ወደ ካምፑ መጡ። በቻይንኛ «መግዛት»ም «መሸጥ»ም «ማይ» ነው፤ የሚለያቸው የድምፁ አወራረድ ብቻ ነው። ለመግዛት ድምፁ ዝቅ ብሎ መልሶ ይነሣል፣ ለመሸጥ ከላይ ወደ ታች ይወረወራል። እኔ የመጀመሪያውን አልኩና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሰዎቹ ከእኛ አጣና ሊገዙ የመጡ መሰለው፤ ትርፍ የለንም ብሎ በትሕትና መለሳቸው። ገበሬዎቹም የጫኑትን አጣና እየተመለከቱ፣ «አጣና ይዘን መጥተን አጣና የለም ይሉናል እንዴ» እያሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቃሉን በጽሑፍ ብጠየቅ ኖሮ አልሳሳትም ነበር፤ የሁለቱን ፊደል ልዩነት በደንብ አውቀው ነበርና።

በዚህ ምክንያት መስፈርቱ የቃል ፈተናውን ውጤትና በመቅጠሪያ ኮሚቴው ፊት የሚደረግ የማስተማር ሙከራን ይጨምር እላለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር፦ በፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ጎበዝ አስተርጓሚ ከረዳት ምሩቅ፣ ማለትም ከጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የተሻለ ይከፈለዋል። በደመወዝ ስለማንወዳደር መደቡ ሌላ የሚያጓጓ ነገር ሊኖረው ይገባል።

አንድ አባል፣ ባሕር ዳር

የተጠየቁት ሁለት መደቦች በምን ማዕረግ ነው? አንዱ ሌክቸረር፣ አንዱ ረዳት ምሩቅ ካልተባለ የሰው ሀብት አስተዳደሩ መልሶ ይልክልናል። የማስተማር ጭነታቸው ካልሞላ ደግሞ በጀት አይያዝላቸውም፤ ስለዚህ ኮርሱ ለስንት የትምህርት ክፍሎች እንደሚሰጥ በስም ይጠቀስ። ለቱሪዝም፣ ለሲቪል ምሕንድስናና ለሎጂስቲክስ ተማሪዎች ብንል ጭነቱ የሚሞላ ይመስለኛል።

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርና የክብር አባል፣ ቢቸና

ልጆቼ፣ ቻይንኛ የማላውቀውን ሰው በዚህ ጉዳይ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የረቂቁን የባህል ክፍል አንብቤ «የሻይ አፈላል፣ የወረቀት ቆረጣና የምግብ ዝግጅት» የሚል አገኘሁ። ይህ ለበዓል ቀን መልካም ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ኮርስ ግን ቀሎ ታየኝ። ልጄ ቻይና ተምሮ ሲመለስ ያጫወተኝን መነሻ አድርጌ ሁለት ነገር ልጠቁም።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቻይናው የጨረቃ አቆጣጠር ከፀሐይ ዓመት ጋር እንዲስማማ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስተኛ ወር ይጨመርበታል፤ የፀደይ በዓላቸው በየዓመቱ ቀን እየለወጠ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ የሚውለውም ስለዚህ ነው። እኛስ? በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈን፣ ከተረፈው አንድ ለዘመን አትተን ወንበሩን እናገኛለን፤ ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፈው አበቅቴው ይወጣል። አንዷ ጨረቃ ሁለቱንም ሕዝብ ወደ አንድ ቁጥር አምጥታቸዋለች። ከደብር ትምህርት ቤት ያለፈ የጎጃም ልጅ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ይመስለኛል።

ሁለተኛው በበዓላቸው ቀን በደጃፉ ግራና ቀኝ በቀይ ወረቀት የሚለጥፉት ጥንድ ስንኝ ነው። የሁለቱ መስመር ፊደላት ቁጥራቸው እኩል ይሆናል፤ ስም በስም አንጻር፣ ግስ በግስ አንጻር ይቆማል፤ ድምፁም ከፍና ዝቅ እያለ ይመላለሳል። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ባፈራ አገር ይህን በቅኔ ዓይን የሚያይ ተማሪ አይጠፋም። ሰምና ወርቅ ናቸው ብላችሁ ግን እንዳታስተምሩ አደራ፤ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለየብቻቸው አቁማችሁ አመሳክሩ።

በቻይና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን የሚከታተል አባል

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን የባሕረ ሐሳብ ንጽጽር ለክፍል ጓደኞቼ ሳስረዳ አምሽቻለሁ፤ እናመሰግናለን።

በምማረው ሙያ፣ ማለትም ቻይንኛን ለሌላ አገር ሰዎች በማስተማር ረገድ፣ ጥቂት ልበል። ይህ የሁለተኛ ዲግሪ በቻይና እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመ ሲሆን፣ ለውጭ አገር ዜጎችም የቻይንኛ መምህራን የነጻ ትምህርት ዕድል አለው። እኅቴ ከቡሬ «ሌላ የሚያጓጓ ነገር» ላለችው ምላሹ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲው ረዳት ምሩቁን መደቡን ጠብቆለት ለሁለተኛ ዲግሪ እንዲልክ፣ እርሱም ተመልሶ በሌክቸረርነት እንዲያገለግል የሚያስገድድ ውል ይኑር። ለዚህ ስንል የኤችኤስኬ ውጤቱ ከሁለት ዓመት ያላለፈ መሆን አለበት፤ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ የሚቀበሉት በዚያ ጊዜ ውስጥ የተገኘውን ነውና።

የአገር ልጅ መምህር የግድ የሚያስፈልገው የተማሪው ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። የቻይንኛ አነባበብ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት በፒንዪን ውስጥ «ኪው» (Q) የተባለችው ፊደል የምትሰጠው ድምፅ ለ«ች» የቀረበ ነው። የእኛ ተማሪ ግን በስልኩ አማርኛን በላቲን ሲጽፍ በዚያችው ፊደል «ቀ»ን ስለለመደ፣ ሰባት ለማለት «ቺ» በማለት ፈንታ «ቂ» ይላል። ከቻይና የመጣው መምህር ያርመዋል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። በሌላ በኩል እንግሊዝኛ ተናጋሪን የሚያስቸግረው ነገር ለእኛ ቀላል ነው፦ «ዎ ማይ ደ ሹ» ማለት «የገዛሁት መጽሐፍ» ነው፤ ገላጩ ሐረግ በሁለቱም ቋንቋ ከስሙ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ መማሪያ ይህ ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ አማርኛ ማወቅን አስገዳጅ መስፈርት እንዳናደርገው እመክራለሁ። በዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪውም ከመላ አገሪቱ የሚመደብ ነው፤ በእንጅባራ ደግሞ አፋቸውን በአዊኛ የፈቱ ብዙ ተማሪዎች አሉ። «የተማሪዎችን የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል» ብንል ሁሉንም ያቅፋል። ከቻይና የሚላክ መምህርም ቢገኝ አንጠላውም፤ ንግግሩንና አነባበቡን እርሱ፣ ሰዋስውና ጽሕፈቱን የእኛው ሰው ቢይዙት ተማሪው ከሁለቱም ይጠቀማል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

የአሥራ ስምንቱን መምህራን ሐሳብ ያለ ቅሬታ አንስቻለሁ፤ ስጽፈው ትልቅ መስሎኝ ነበር። የተስተካከለው ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው ይነበባል፦

«ማኅበራችን በመጀመሪያ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሙከራው ውጤት ከተገመገመ በኋላም ለባሕር ዳርና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያቀርበው ጥያቄ፣ በነባሩ የቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ሥር አንድ የሌክቸረርና አንድ የረዳት ምሩቅ ቋሚ መደብ እንዲከፈትና ለቱሪዝም፣ ለሲቪል ምሕንድስናና ለሎጂስቲክስ ተማሪዎች በክሬዲት የሚመዘገብ የማንዳሪን ቋንቋና የቻይና ባህል ተመራጭ ኮርስ እንዲሰጥ ነው። ተቀጣሪዎቹ ከሁለት ዓመት ያላለፈው የኤችኤስኬ አምስተኛ ደረጃና የቃል ፈተና ውጤት የሚያቀርቡ፣ በኮሚቴ ፊት የማስተማር ሙከራ የሚያደርጉ ይሆናሉ፤ የተማሪዎችን የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያውቅ ይመረጣል። ረዳት ምሩቁ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲላክ መደቡ ይጠበቅለታል። የባህሉ ክፍል የዘመን አቆጣጠርንና ሥነ ግጥምን ከአገራችን ትውፊት ጋር በንጽጽር ያቀርባል።»

ድልድዩንና ባቡሩን ከመግቢያው አላወጣሁም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጌ አሳጠርኳቸው እንጂ።

ቀድሞ አስተርጓሚ የነበረች አባል፣ ቡሬ

አንድ ቃል ብቻ ይታረም። «ማንዳሪን» ካልን ደብዳቤውን የሚያነበው የጽሕፈት ቤት ሰው ስለ ብርቱካን ዓይነት የተጻፈ እንዳይመስለው እሰጋለሁ። ሕዝቡ የሚያውቀው «ቻይንኛ» ብሎ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ታርሟል። «ቻይንኛ» ተብሎ ነገ ለፊርማ ይዘዋወራል፤ መምህርና እኔ ሰኞ ጠዋት ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት በእጃችን እናደርሰዋለን።