በዓመት አራት ጊዜ የሰፈር የበጎ አድራጎት ሩጫ ማካሄድ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የኮተቤ ሯጭ

ጤና ይስጥልኝ። በኮተቤ አካባቢ የምንኖር ሃያ ሦስት ጎረቤታሞች ነን። ላለፉት ስድስት ዓመታት በየኅዳሩ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አብረን ስንሳተፍ ቆይተናል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከሩጫው አስቀድመን ዘመድና የሥራ ባልደረባ ቃል እያስገባን፣ በሚሰበሰበው ገንዘብ ጧሪ የሌላቸውን የሰፈራችንን አረጋውያን ቤት ጣሪያ እናስጠግናለን። ባለፈው ዓመት አራት ቤት ተጠግኗል። አንዲት እናት ክረምቱን ሙሉ አልጋቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ከርመው፣ ጣሪያው ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያለቀሱትን ለቅሶ ያየ ሰው ይህን ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ማረፍ አይሆንለትም።

ችግራችን ግን ገንዘቡ የሚገኘው በኅዳር፣ ጥገናው የሚጀመረው በግንቦት መሆኑ ነው። በመካከሉ ባሉት ስድስት ወራት የቆርቆሮው ዋጋ ጨምሮ ይጠብቀናል። ስለዚህ በዓመት ውስጥ አራት ጊዜ በራሳችን ሰፈር የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ብናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁላችንም ተስማምተናል። ይሁንና የትኞቹ ወራት እንደሚመቹ፣ መንገድ የማዘጋቱ ነገር በማን በኩል እንደሚያልቅ፣ በየሦስት ወሩ እጃችንን ስንዘረጋ ሰጪው እንዳይሰለች ምን ማድረግ እንዳለብን፣ እኛም ራሳችን ዓመቱን ሙሉ ስንወዳደር ጉልበታችን እንዳይጎዳ እንዴት እንደምንጠነቀቅ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት በሌላ ሰፈር በተዘጋጀ የበጎ አድራጎት ሩጫ ላይ ከፍለን ሮጠን፣ ገንዘቡ ለማን እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የእኛን ሩጫ የሚሮጥ ሰው እንዲህ ተሰምቶት ወደ ቤቱ እንዲገባ አልፈልግም።

ምላሽ፦ የጉለሌ አስተባባሪ

ወንድሜ፣ እኛም በሰፈራችን ለአምስት ዓመታት ያህል ሩጫ ስናዘጋጅ ቆይተናልና የደረሰብንንና የተማርነውን ልንገርህ።

ከወራቱ ልጀምር። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ እርሳው፤ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን የረጠበ ኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ ሰው ይጥላል፤ እኛ አንድ ጊዜ በሰኔ ሞክረን አንድ ልጅ እጁ ተሰብሮብናል። ጥቅምት ግሩም ወር ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ለኅዳሩ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫም መለማመጃ ይሆናል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ጾሙ ተፈትቶ ገና ሲያልፍ ደግሞ ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ እሑድ ሁሉ የተያዘ ነው፤ የሰውም ኪስ የሚራቆተው ያኔ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ሲበርድ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ መካከል ሁለት ወይም ሦስት እሑድ ይገኛል። ጾሙ የሚገባበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ባሕረ ሐሳቡን ቀድማችሁ ተመልከቱ። የረመዳን ወርም በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ። በመጋቢት የሴቶች ብቻ የሆነው የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ ስለሆነ እህቶቻችሁ ወደዚያ መሄዳቸው አይቀርምና ከእርሱ ጋር አትጋጩ። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት አለ። ስለዚህ እናንተ የምታዘጋጁት ጥቅምት፣ የካቲትና ግንቦት ይሁን፤ አራተኛው የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ነው። እርሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ ለምን አራተኛ ድግስ ትደግሳላችሁ?

መንገዱን በተመለከተ፣ ዋና አስፋልት ለማዘጋት አትድከሙ። በአንድ ወቅት ዋናውን መንገድ ጠይቀን ከቢሮ ወደ ቢሮ ስንመላለስ ሁለት ወር ፈጅቶብን ቀኑ አልፎብናል። በቀጣዩ ዓመት የውስጥ ለውስጥ መንገድ መርጠን፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሆነ ዙር ሁለት ጊዜ እንዲሮጥ አደረግን። በዚህ መንገድ የሚጠበቁት መገናኛዎች ሰባት ብቻ ሆኑ። ደብዳቤውን ለወረዳው አስተዳደር፣ ለወረዳው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ለአካባቢው ፖሊስና ለትራፊክ ፖሊስ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት አስገቡ። በደብዳቤው ላይ የመንገዱን ንድፍ፣ የሯጩን ብዛት፣ መንገዱ የሚያዝበትንና የሚለቀቅበትን ሰዓት ጻፉ። እኛ ከጠዋቱ 12፡30 ጀምረን ከ2፡00 በፊት እንለቅቃለን ብለን ጽፈን፣ ያልነውን ሰዓት አክብረን ስለ ለቀቅን በሁለተኛው ዓመት ፈቃዱ ያለ ብዙ ጥያቄ ተሰጥቶናል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያልፍ መስመር ግን አትምረጡ፤ በዚያ ሰዓት ሰው ቅዳሴ ላይ ነው።

ርቀቱን በስልክ አትለኩት፤ በሕንፃዎች መካከል ስልክ ይሳሳታል። በብስክሌት ጎማ ዙር ብትለኩ የተሻለ ነው። የጎማውን ዙሪያ በሜትር አውቃችሁ፣ ሯጭ ሊሮጥ በሚችለው አጭሩ መስመር ላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ እየነዳችሁ ዙሩን ቁጠሩ። በይፋ የሚለኩ የጎዳና ውድድሮች መንገዱ እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨምራሉና እናንተም አምስት ሜትር ጨምሩ። ለሰፈር ሩጫ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሮጠበት ሰዓት ኮርቶ ለአሠልጣኝ ሲናገር ርቀቱ ውሸት ሆኖ እንዲገኝበት አንፈልግም።

ምላሽ፦ የእድር ገንዘብ ያዥ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ይባርክ። እኔ ስለ ሩጫ አላውቅም። በሰፈራችን እድር ለአሥራ ሰባት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁና ስለ ገንዘቡ ልናገር።

በመጀመሪያ፣ ገንዘቡን አታስቀምጡ። በኅዳር የተገኘ ብር እስከ ግንቦት ባንክ ሲቀመጥ ቆርቆሮው ይሸሻችኋል። በጥቅምትና በኅዳር ሩጫ በተገኘው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ቆርቆሮ ግዙ። በየካቲቱ እንጨትና ምስማር ግዙ። የግንቦቱ ለአናጢው የእጅ ዋጋ ይሁን። የት እናስቀምጠው እንዳትሉ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት የሌለው እድር የለም። የእድራችሁን ዳኛና ጸሐፊ አነጋግሩ፤ ቆርቆሮው በእድሩ መዝገብ ላይ በቁጥር ይግባ፤ ሲወጣም በፊርማ ይውጣ።

እንዲህ ስታደርጉ ስለ ሰጪው መሰልቸት የጠየቃችሁትም አብሮ ይመለሳል። ሰው የሚሰለቸው ብዙ ጊዜ ስለ ተጠየቀ አይደለም። ለእድር በየወሩ ይከፍላል፣ ለማኅበሩ ያዋጣል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ያወጣል፤ ተሰላችቶ የተወ ግን አላየሁም፤ ምክንያቱም ያዋጣው የት እንደ ገባ በዓይኑ ያያል። በየካቲት ልትጠይቁት ስትሄዱ የጥቅምቱን ቆርቆሮ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ከሩጫው ዕለት አመሻሽ ሳያልፍ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ የደረሰኙን ግልባጭ ከጎኑ አድርጉ። የአረጋውያኑን ፎቶግራፍ ግን አትለጥፉ። በማጣታቸው አደባባይ መውጣት የለባቸውም፤ የጣሪያውን ሥዕል ማሳየት ይበቃል።

ካናቴራ ማሳተምን በጥብቅ እቃወማለሁ። መመዝገቢያው 300 ብር ቢሆንና ሁለት መቶ ሰው ቢመዘገብ 60,000 ብር ይገባል። አንዱ ካናቴራ 220 ብር ቢፈጅ 44,000 ብሩ ለጨርቅ ሄዶ 16,000 ብር ይተርፋችኋል፤ ከእርሱም ላይ ውኃውና ድምፅ ማጉያው አለ። ይህ ጣሪያ ማስጠገን ሳይሆን ልብስ መሸጥ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህን ልክ እናንተም ብትይዙት መልካም መለኪያ ነው። ከ60,000 ብር 12,000 ማለት ነው። ሯጩ ሁሉ ቀድሞ በሮጠበት በታላቁ ሩጫ ካናቴራ ይምጣ፤ የየዓመቱ ቀለም ተቀላቅሎ ሲታይም ያምራል። የደረት ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉት።

ምላሽ፦ አሠልጣኝ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች የበሰሉ ናቸውና እኔ ስለ አካላችሁ ብቻ እጽፋለሁ።

በዓመት አራት ጊዜ መሮጥ ለጤነኛ ሰው ብዙ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው አራቱንም ጊዜ ለማሸነፍ ስትሮጡ ነው። ከአራቱ አንዱን፣ ምናልባት የኅዳሩን፣ የዓመቱ ዋና ውድድራችሁ አድርጉት፤ በቀሩት ላይ አሯሯጭ ሁኑ። አንደኛችሁ የሠላሳ ደቂቃውን ቡድን፣ ሌላው የአርባ ደቂቃውን ይዞ ቢሮጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጡት እናቶችና ተማሪዎች ሳይሸማቀቁ ይጨርሳሉ፤ እናንተም ትጠበቃላችሁ። በኃይል ከሮጣችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀለል ያለ ሶምሶማ ብቻ ይሁን።

በየቀኑ በአስፋልት ላይ አትለማመዱ። የእኛ ሀገር ታላላቅ ሯጮች አብዛኛውን ልምምዳቸውን በጫካና በኮሮኮንች ላይ የሚሠሩት፣ አስፋልቱን በሳምንት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚረግጡት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እንዲያርፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከውጭ ሀገር ወይም ከቆላ የመጣ ዘመዳችሁ በማግሥቱ ልሩጥ ቢላችሁ እንዲራመድ ምከሩት።

በጾም ወቅት የሚሮጥ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ በዕለቱም ሰዓት አይመልከት። ራሱን ያዞረው ሰው ወዲያው ይቁም፤ ለዚህም በዙሩ አጋማሽና በመድረሻው ላይ የሕክምና እርዳታ የሚያውቅ ሰው ይኑር። አምቡላንስ አስቀድማችሁ ሳታነጋግሩ ሩጫውን አታስጀምሩ።

ምላሽ፦ ከሜሪላንድ

እኔ ኮተቤ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች በየቅዳሜውና በየእሑዱ የአምስት ኪሎ ሜትር የእርዳታ ሩጫ ያዘጋጃሉ፤ ብዙዎቹ የሚካሄዱት መንገድ ከማዘጋት የፓርክ ፈቃድ ማግኘት ስለሚቀል በፓርክ ውስጥ ነው። እኔና ጓደኞቼ የግንቦቱን ቀን ካሳወቃችሁን በዚያው እሑድ እዚህ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጠን የአንድ ቤት ጣሪያ ሙሉ ወጪ በባንክ እንልካለን። የምንጠይቀው ገንዘብ ያዥዋ ያሉትን ባለ አንድ ገጽ ሂሳብ ብቻ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ የኮተቤ ሯጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ፣ እርስዎ ስለ ቆርቆሮው የሰጡት ምክር ሦስት ዓመት ያስጨነቀንን ነገር ፈትቶልናል። ዛሬ ማታ ተሰብስበን የራሳችን ሩጫ ሦስት ብቻ እንዲሆን ወስነናል። የእድራችን ዳኛ ዕቃ ቤቱን ፈቅደዋል፤ ከድንኳኑ በስተኋላ ሠላሳ ቆርቆሮ የሚይዝ ቦታ አለ ብለዋል። ካናቴራው ላይ ትንሽ ክርክር ነበረ፤ ወጣቶቹ ሳይደሰቱም ቢሆን ሒሳቡን ሲያዩ ተስማምተዋል።

በሚመጣው እሑድ ጠዋት መንገዱን በብስክሌት እንለካለን። ያሰብነው ዙር አንድ ረጅም ዳገት አለበት፤ የጉለሌው ወንድሜ፣ ዳገቱ በዙሩ መጀመሪያ ላይ ቢውል ይሻላል ወይስ በመጨረሻው?

ምላሽ፦ የጉለሌ አስተባባሪ

በመጀመሪያው አድርጉት። ሰው ገና ሳይደክም ይወጣዋል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ደግሞ ግማሹን ጨርሻለሁ ብሎ ይጸናል። መድረሻችሁ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ቁልቁለት ላይ መድረሻ ካደረጋችሁ ሕፃናቱ ሲሽቀዳደሙ ይወድቃሉ። ስትለኩም አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ብስክሌቱን ከመኪና ይጠብቅ።